ሥዕሉም ይነበብ፦ ስለ ኮሚክስና ሥዕላዊ ልቦለድ ሂስ ለኪነ ጥበብ ዓምድ አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማርኛ ጋዜጦች፣ መጽሔቶችና የሬዲዮ ዝግጅቶች የኪነ ጥበብ አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ ሥዕላዊ ልቦለዶችና ኮሚክሶች እንደየዘውጋቸው ተገቢ ሂስ እንዲሠራላቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ያሉ አማርኛ አንባቢዎች አዳዲስ መጻሕፍትን የሚያውቁት በአብዛኛው በእናንተ ዓምዶችና ዝግጅቶች በኩል ነው። ስለ ልቦለድ፣ ስለ ግጥም፣ ስለ ታሪክና ስለ ግለ ታሪክ የምታቀርቧቸውን ዳሰሳዎች ለረጅም ጊዜ ስከታተል የኖርኩ አንባቢ እንደመሆኔ ድካማችሁን አከብራለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን በእነዚህ ዳሰሳዎች ውስጥ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት ከሞላ ጎደል ጎድሎ ስለማይ ነው። በሥዕልና በቃል ተጋምዶ የሚተረከው መጽሐፍ፣ ማለትም ኮሚክስና ሥዕላዊ ልቦለድ፣ ወይ ጨርሶ አይነሣም፣ ወይም ለልጆች ስጦታ እንደሚሆን ተጠቁሞ በሁለት መስመር ይታለፋል። እኔ ራሴ ስለ አንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የጻፍኩትን ዳሰሳ ለአንድ ዝግጅት ክፍል ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ ጽሑፉ ወደ ልጆች ገጽ ይዛወር የሚል ነበር። መጽሐፉ ስለ ናዚ ማጎሪያ ካምፕ የሚተርክ ነው።

ያ መጽሐፍ የአርት ስፒገልማን «ማውስ» ነው። ስፒገልማን ከናዚ እልቂት የተረፉትን የአባቱን ትዝታ፣ አይሁዶችን በአይጥ ጀርመኖችን በድመት መልክ እየሣለ፣ ከ1980 እስከ 1991 (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተከታታይ አውጥቶ በሁለት ቅጽ ያጠናቀቀው ሲሆን፣ በ1992 ፑሊትዘር የተባለው የአሜሪካ የጋዜጠኝነትና የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በልዩነት ተሰጥቶታል። የምጠይቀው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ እንዲታይ ከሁለተኛው ቅጽ አንድ ገጽ ላንሣ። ልጁ፣ እስረኞች በኦሽዊትዝ በር በኩል ወደ ሥራ ሲወጡ ይጫወት ስለነበረው የሙዚቃ ጓድ አባቱን ይጠይቃቸዋል፤ በሣጥኑ (ገጹ ከሚከፈልባቸው የሥዕል ክፈፎች በአንዱ) ውስጥም ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ይዘው ቆመው ይታያሉ። አባቱ ግን የሚያስታውሱት ሰልፍን ብቻ እንደሆነና ምንም ሙዚቃ እንዳልነበረ ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ባለው ሥዕል የእስረኞቹ ሰልፍ በሙዚቀኞቹ ፊት ተደርድሮ ይጋርዳቸዋል፤ ልብ ብሎ ለሚያይ ግን ከሰልፈኞቹ ጀርባ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጫፍ አሁንም ብቅ ብሎ ይታያል። የሙዚቃ ጓዱ እንደነበረ በሰነድ የተረጋገጠ ነው፤ የተረፉት ሰው ደግሞ አላየሁም ይላሉ። ሠዓሊው አባቱን ሐሰተኛ አላደረጋቸውም፣ ማስረጃውንም አልጣለም፤ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ አኑሮ የማስታወስን ድካም አሳየን። ይህን የሚናገር አንድም ቃል በገጹ ላይ አልተጻፈም። ንግግሩን ብቻ አንብቦ ታሪኩን የሚያሳጥር ሐያሲ ከመጽሐፉ ዋናውን ነገር ትቶ ያልፋል ማለት ነው።

አልፎ አልፎ የሚወጡት ጥቂት ዳሰሳዎች የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው። ሐያሲው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ጥቂት ይላል፤ ከዚያም «ሥዕሎቹም ማራኪ ናቸው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ስለ አንድ የግጥም መድበል ሲጽፍ ስለ ቤት አመታቱና ስለ ምጣኔው ምንም ሳይል «ቃላቱም ያማሩ ናቸው» ብሎ የሚያልፍ ሐያሲ ቢመጣባችሁ ጽሑፉን እንደማታትሙት አምናለሁ። በሥዕላዊ ትረካ ውስጥ የሣጥኑ መጠን፣ በሣጥንና በሣጥን መካከል የተተወው ባዶ ቦታ፣ ገጹ የሚገለጥበት ቅጽበት፣ የመስመሩ ውፍረትና የቀለሙ ምርጫ ዜማና ምጣኔ ናቸው። በሁለት ሣጥኖች መካከል ምን እንደተፈጸመ የሚሞላው አንባቢው ነው፤ ደራሲው ለአንባቢው ምን ያህል እንደተወለትና ምን ያህል እንደነፈገው መመዘን ደግሞ የሐያሲው ሥራ ነው።

ኮሚክስ የልጆች ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ማወቅ ተገቢ ይመስለኛል። በአሜሪካ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወንጀል፣ የፍቅርና የአስፈሪ ታሪክ ኮሚክሶች በብዛት ይሸጡ ነበር። በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ልጆችን ወደ ጥፋት ይመራል የሚል መጽሐፍ አሳተሙ፤ ጉዳዩ እስከ ሴኔት ደረሰ፤ አሳታሚዎቹም ከከፋ ነገር ለመዳን በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። በርእስ ላይ «አስፈሪ» የሚለውን ቃል እስከመከልከል የደረሰ ደንብ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሱቁ የቀረው በአብዛኛው ለልጆች የማያስቸግር ሥራ ስለሆነ፣ ዓለም ያንን ቅሪት አይቶ የሥዕል ትረካ በተፈጥሮው የልጆች ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ጃፓን ይህን ደንብ አላወጣችም፤ ፈረንሳይና ቤልጅግም በራሳቸው መንገድ ሄዱ። እኛም የሌላ አገር ሳንሱር ያስከተለውን ውጤት እንደ ተፈጥሮ ሕግ የምንቀበልበት ምክንያት የለም።

እንዲያውም የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ጥበብ ባዕድ አይደለም። የንግሥት ማክዳንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚተርከውን ባህላዊ ሥዕል የማያውቅ በመካከላችን ጥቂት ነው፤ አንድ ትልቅ ሸራ ወይም ብራና፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች ተከፍሎ፣ ከዘንዶው ከአርዌ ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ከየሥዕሉም ሥር አጭር ጽሑፍ ይኖራል። በተአምረ ማርያም የብራና መጻሕፍት ውስጥ አንዱ ተአምር በተከታታይ ሥዕሎች ሲተረክ፣ በየሥዕሉ ራስ ላይ «ዘከመ» እያለ የሚጀምር መግለጫ እናያለን። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች አንድ ዓይናቸው ብቻ እንዲታይ በጎን መሣላቸው ደግሞ ያላነበበ ምእመን እንኳ የሚረዳው የሥዕል ሰዋስው ነው። ይህን ሰዋስው ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደ ሐያሲ በ«ማውስ» ውስጥ የአይጥና የድመት ፊት ምን እንደሚሠራ ለመተንተን ከማንም ያነሰ ዝግጁ አይደለም።

የደብዳቤዬ ዋና ጥያቄ ግን ከዚህ ትንሽ ይርቃል። ኮሚክስን አንድ ዘውግ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው፤ ኮሚክስ በውስጡ ብዙ ዘውጎችን የሚይዝ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ዘውግም የራሱን መመዘኛ ይጠይቃል። በግለ ታሪክ ሚዛን ጀብዱን፣ በጀብዱ ሚዛን ጋዜጠኝነትን የሚመዝን ሐያሲ ሁሉንም ይበድላል።

ጋዜጠኝነትን ላስቀድም፤ ለእናንተ ሙያ የሚቀርበው እሱ ነውና። ጋዜጠኛና ሠዓሊ ጆ ሳኮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዌስት ባንክና በጋዛ ተዘዋውሮ የሣለው «ፓለስታይን» በመጀመሪያ በተከታታይ እትሞች ወጥቶ ኋላ ተጠቃለለ። በውስጡ የአንድ እስረኛ የምርመራ ታሪክ አለ፤ ሰውየው ጭንቅላቱ በጆንያ ተሸፍኖ፣ እንቅልፍ ተነፍጎ በሚቆይባቸው ቀናት የሣጥኖቹ ቁጥር በየገጹ እየጨመረ፣ ስፋታቸው እየጠበበ ይሄዳል፤ አንባቢው ራሱ መፈናፈኛ እስኪያጣ ድረስ። ሳኮ ራሱን ሁልጊዜ ከታሪኩ ውስጥ ይሥላል፤ መነጽሩን እንጂ ዓይኖቹን አናይም። በ2009 ባወጣው ስለ ጋዛ ሌላ መጽሐፉ ደግሞ በ1956 በኻን ዩኒስና በራፋህ ስለተፈጸሙት ግድያዎች የዓይን ምስክሮችን አነጋግሮ፣ ቃላቸው በሚጋጭበት ቦታ ግጭቱን ሳይደብቅ ለአንባቢ ያቀርባል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚመዘነው በዘገባ ሚዛን ነው፦ ማንን አነጋገረ? በዓይኑ ያየውንና በምስክር ቃል ተመርቶ የሣለውን ለይቶ ያሳያል ወይ? ሲሥል የጨመረው ፊት፣ የጨመረው ቤት ማስረጃ አለው ወይ? ሥዕል ከፎቶግራፍ በተለየ ሠዓሊው በቦታው ያልነበረበትን ነገር እንደነበረ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሐያሲ ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ሳኮ ይህን ፈተና ያልፋል፤ የሚያልፈውም ጥርጣሬውን ከሥዕሉ ውስጥ ስለሚያስገባ ነው።

ግለ ታሪክ ሌላ ነው። የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሰፖሊስ» ከ2000 እስከ 2003 በፈረንሳይ በአራት ቅጽ የወጣ የኢራን አብዮት ዘመን ትዝታ ሲሆን፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ጥላ እንኳ የለውም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአሥር ዓመቷ ልጅ በሻሽ ተሸፍና ብቻዋን ትታያለች፤ በሚቀጥለው ሣጥን የክፍል ጓደኞቿ ተደርድረው ፎቶግራፍ ሲነሡ እሷ በሣጥኑ ጠርዝ ተቆርጣ ከሞላ ጎደል ከሥዕሉ ውጭ ቀርታለች። አንዲት ልጅ ከገዛ ታሪኳ ጠርዝ ላይ እንዴት እንደተገፋች በሁለት ሣጥን ተነገረ። «ሥዕሉ የልጅ ሥዕል ይመስላል» የሚል ሐያሲ እውነቱን ነው፤ ቀጥሎ ግን ለምን እንደዚያ ሆነ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ የምታየው ልጅ ናትና። አብዮትን፣ ጦርነትንና ስደትን በቤቱ ለሚያውቀው የእኛ አንባቢ ይህ መጽሐፍ እንግዳ አይሆንበትም። በአማርኛ የተሟላ ሂስ ሊሠራለት ይገባል።

ስለ ጀብዱ ስናነሣ ከሁሉ ይልቅ ዝምታችን የሚያሳዝነኝ አንድ ሥራ አለ። ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት በ1927 ተወልዶ፣ በልጅነቱ በ1937 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ጊዜው አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር የነበረችበት ነው። አድጎ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ የፈጠረ ታላቅ ሠዓሊ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይኸው መርከበኛ በቀይ ባሕር ዙሪያና በአፍሪካ ቀንድ የሚዘዋወርባቸውን ታሪኮች ሣለ፤ የአገራችንን ስም በርእሱ የያዘው ጥራዝም በአውሮፓ እስከ ዛሬ ይታተማል። ስለዚህ መጽሐፍ ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች ብዙ ጽፈዋል። በአማርኛ ግን እኔ አንድም ዳሰሳ አላነበብኩም። የወራሪ ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ምድራችንን ያየ ሰው ሲሥለን ምን አየ? ብሎ ለመጠየቅ ከእኛ የተሻለ ማን ይገኛል? የእኔን ፍርድ ልንገራችሁ፦ ፕራት ለሰዎቻችን ክብር ነበረው። ኩሽ የተባለው ተዋጊ ለአውሮፓውያኑ አንገቱን የማይደፋ፣ የራሱ ሐሳብና የራሱ ቁጣ ያለው ሰው ነው፤ ቲንቲን የተባለው የቤልጅግ ኮሚክስ ጀግና ወደ ኮንጎ በሚጓዝበት፣ በ1931 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም አፍሪካዊ አንድ ዓይነት ፊትና አንድ ዓይነት የዋህነት ተሰጥቶት ከተሣለው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ቢሆንም በፕራትም ዘንድ ምድሪቱ የሌሎች ጀብዱ መድረክ ሆና የምትቀርብበት ቦታ ብዙ ነው። ይህ የአንድ አንባቢ አስተያየት ነው፤ ታሪክ አዋቂዎችና ሠዓሊዎች በዓምዳችሁ ላይ ቢከራከሩበት ግን ለአንባቢውም ለመጽሐፉም የሚጠቅም ይሆናል።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ በ2018 «ጀምበር» የተሰኘው ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጣ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ምሩቅ ልዩ ኃይል ሲያገኝ ይተርካል። ቀጥሎም ጀግናዋ ሴት የሆነችበት «ሃዊ» መጣ። በመገናኛ ብዙኃን ስለ እነዚህ ሥራዎች የተነገረው በአብዛኛው የመጀመሪያ መሆናቸው ነው። ደስታውን እጋራለሁ፤ ነገር ግን ዜና ሂስን አይተካም። የመጀመሪያ ነው ብሎ ማመስገን ለሠሪው አንድ ቀን የሚበቃ ስንቅ ነው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅጽ አሻሽሎ እንዲሠራ የሚረዳው ጥንቃቄ ያለው ንባብ ነው። የልዕለ ኃያላን ዘውግ የራሱ ጥያቄዎች አሉት፦ ድብድቡ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ዓይን ያለ ድካም ይከተለዋል ወይ? የጀግናው ኃይል ከሚኖርበት ከተማ ችግር ጋር ይገናኛል ወይስ ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ልብስ ነው? አዲስ አበባ በሥዕሉ ውስጥ በታክሲዋ፣ በቆርቆሮ አጥሯና በሚገነባው ፎቋ ትታወቃለች ወይስ ስሟ ብቻ ነው ያለው? አለን ሙርና ዴቭ ጊበንስ ከ1986 እስከ 1987 በ12 ክፍል ያወጡት «ዋችመን» ገጹን በመደበኛነት ለዘጠኝ እኩል ሣጥኖች እየከፈለ፣ ተጠያቂነት የሌለበት ኃይል በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን የመረመረ ሥራ ነው። የእኛ ወጣቶች ሥራ ከዚህ ጋር ቢነጻጸር መናቅ አይደለም፤ እንደ ሥነ ጽሑፍ መቆጠር ነው።

በዚህ ረገድ ከእናንተ በቀር ማንም የማይጽፍበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ፊደላችን በሥዕሉ ውስጥ የሚቀመጥበት ሁኔታ ነው። የእንግሊዝኛ ኮሚክስ በአብዛኛው በትልልቅ ፊደላት ይጻፋል፤ ጩኸትና ሹክሹክታም በፊደሉ ድምቀትና ዝንባሌ ይለያል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው ድምፅን ከፍና ዝቅ የምናደርገው በመጠን፣ በውፍረትና በእጅ ጽሕፈት ባሕርይ ነው። ግሶቻችን ደግሞ ረጃጅም ናቸው፤ «እንዳላስቸገርኳቸው» የሚለው አንድ ቃል በጠባብ የንግግር ፊኛ (የገጸ ባሕርይ ንግግር በሚጻፍበት ክብ) ውስጥ ሲገባ ወይ ለሁለት ይቆረጣል፣ ወይም ጽሑፉ ተጨምቆ ለንባብ ያስቸግራል። መጀመሪያ ለእንግሊዝኛ ተብሎ በተሣለ ፊኛ ውስጥ አማርኛ ሲጠቀጠቅ ገጹ እንደሚታነቅ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። በሌላ በኩል በዘጭ፣ በጧ፣ በጥርቅም፣ በብትን የበለጸገ ቋንቋ እያለን የባዕድ ድምፅ በፊደላችን ገልብጦ መጻፍ ለምን አስፈለገ? የቁም ጽሕፈት ባለሙያ ያላት አገር የኮሚክስ ጽሕፈት የራሱ መልክ እንዲኖረው ልታደርግ ትችላለች፤ ይህን ለሠሪዎቹ የሚነግራቸው ግን ሐያሲ ነው።

ማንጋ የሚባለው የጃፓን ኮሚክስ በወጣቶቻችን ዘንድ በሰፊው ስለሚነበብ ዝም ሊባል አይገባውም። ኬይጂ ናካዛዋ በስድስት ዓመቱ ከሂሮሺማ የአቶም ቦምብ ተርፎ፣ በ1973 የጀመረው ተከታታይ ሥራው ለልጆች መጽሔት በሚስማማ ክብ ፊትና በተጋነነ እንቅስቃሴ የተሣለ ነው፤ ቦምቡ የሚወድቅባቸው ገጾች የሚያስደነግጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ፣ ዝምታንና አየርን ለማሳየት ብዙ ገጽ እንደሚሰጥ ለአዲስ አንባቢ የሚያስረዳ ዳሰሳ ወላጆች የልጆቻቸውን ንባብ እንዲረዱ ያግዛል። የአይቮሪኮስቷ ተወላጅ ማርገሪት አቡዌ ደራሲ፣ ክሌማን ኡብሬሪ ሠዓሊ ሆነው ከ2005 ጀምሮ ያወጡት «አያ» ደግሞ በአቢጃን ሰፈር የሚካሄድ የወጣቶች ፍቅር፣ ሐሜትና ሳቅ ነው፤ ጦርነትና ረኃብ የሌለበት አፍሪካዊ ታሪክ ለሚናፍቅ አንባቢ ከዚህ የተሻለ የምጠቁመው የለኝም።

ቃል አልባውን መጽሐፍ ደግሞ ለብቻው ላንሣ። አውስትራሊያዊው ሾን ታን በ2006 ያወጣው «ዘ አራይቫል» ቤተሰቡን ትቶ ወደማያውቀው አገር የሚሰደድን ሰው ያለ አንድ ቃል ይተርካል፤ በከተማው ግድግዳና ወረቀት ላይ የሚታየው ጽሕፈትም ደራሲው የፈጠረው ስለሆነ ማንም ሊያነበው አይችልም፤ አንባቢውም እንደ ስደተኛው ማንበብ የማይችል ይሆናል። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በጅዳ የሚኖሩ እናትና ፊደል ያልቆጠረ ልጃቸው አብረው ሊያነቡት የሚችሉት መጽሐፍ ነው፤ መተርጎም አያስፈልገውም። በዚህ መጽሐፍ ላይ በአማርኛ የሚጻፍ ሂስ እናትየውንና ልጁን በአንድ ገጽ ፊት የማስቀመጥ ዕድል አለው።

የምጠይቃችሁን በተግባር ላስቀምጠው። በዓምዳችሁ ውስጥ ለሥዕላዊ መጻሕፍት ቋሚ ቦታ ስጡ፤ በየወሩ አንድ እንኳ ቢሆን። ዳሰሳውን ለጸሐፊ ብቻ አትተዉት፤ ሠዓሊና ጸሐፊ አብረው እንዲያነቡት አድርጉ። ስለ መጽሐፉ ስትጽፉ የደራሲውን ስም ብቻ ጠርታችሁ ሠዓሊውን፣ ቀለም ያገባውንና ፊደሉን የጻፈውን አትርሱ፤ በሥዕላዊ ትረካ ውስጥ ሠዓሊው ተራኪ ነው። ከአሳታሚው ፈቃድ አግኝታችሁ የምትመረምሩትን ገጽ ወይም ቢያንስ አንድ ሣጥን በሚነበብ መጠን አትሙ፤ ሥዕል ሳያሳዩ ስለ ሥዕል መተንተን አንባቢን በጨለማ መምራት ነው። በሬዲዮ የምትሠሩ ደግሞ ገጹን በቃል ግለጹልን፤ የኳስ ጨዋታ በድምፅ ብቻ የሚታይበት አገር ስለሆነች ይህ ለእናንተ አይከብድም። መጽሐፉ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ በግልጽ ጻፉ፤ ይህን አለማድረጋችን ወላጅ በሥዕሉ ብቻ ተማምኖ የማጎሪያ ካምፕ ታሪክ ለስምንት ዓመት ልጅ እንዲገዛ፣ አዋቂው ደግሞ የሚገባውን መጽሐፍ ንቆ እንዲያልፍ ያደርጋል። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ እነዚህን መጻሕፍት ሁሉንም በልጆች መደርደሪያ ላይ አትደርድሯቸው፤ የጆ ሳኮ ቦታ ከታሪክና ከጋዜጠኝነት መጻሕፍት ጋር ነው።

ያ ወደ ልጆች ገጽ ይዛወር የተባለው ጽሑፍ አሁንም በእጄ አለ። ከላይ ባነሣኋቸው ሥራዎች ላይ ለመጻፍ፣ ከእኔ በተሻለ ሊጽፉ የሚችሉ ሠዓሊዎችንና መምህራንንም ለመጠቆም ፈቃደኛ ነኝ። ክፍያ አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ጽሑፉ በአዋቂዎች የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ፣ ከሥዕሉ ጋር እንዲወጣ ብቻ ነው። ውሳኔያችሁን በዓምዳችሁ ላይ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ